ጅቡቲን ለማየት ብቻ፤ ከድሬ ለሚነሳ ሰው

እኛ ድሬዎች ጅቡቲን አብጠርጥረን እናውቃታለን። ሽቶ የት እንደሚረክስ፣ የትኛው ባለሱቅ በአማርኛ እንደሚከራከር አይጠፋንም። ታሪኳን የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ ግን “ባሕር አለ” ብለን እንገላገላለን። እኔ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጨርቁን ለልጆች ትቼ ለማየት ብቻ እሄዳለሁ። ጎረቤት ሁሉ “ምን የሚታይ አለ?” እያለ ስለሚጠይቀኝ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት ለገሀርን፣ የድሬን አሮጌ ባቡር ጣቢያ፣ እዩ። ከዚራ ሰፈር ተቀምጠን ቡና እየጠጣን የማናየው ነገር ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ ወደ ጥገናው ክፍል ግቡ፤ አሮጌዎቹ ባቡሮችና ማሽኖች አሉ። ይህን ያየ ሰው ጅቡቲ ሲደርስ የሚያየው ነገር ይገባዋል። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ። ሐሳቡ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ተራራው አስቸገረና በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ፣ ድሬም ከተማ ሆነች። መጀመሪያ ላይ “አዲስ ሐረር” ይሏት ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው ገና በ1917 ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ባቡር ሳታይ በፊት እኛና ጅቡቲ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ስንመላለስ ኖረናል።

ዛሬ የምትሳፈሩት በ2016 የተመረቀውን የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። የእኛው ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ጅቡቲ የምትወርዱበት ናጋድም እንዲሁ። ከዚያ ወደ መሃል ከተማ ታክሲ ያስፈልጋል። ባቡሩ የሚሄድበትን ቀን ቀድማችሁ አጣሩ፣ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም። ፓስፖርት ያዙ፤ የቪዛውን ነገር የሚያውቅ ቢሮ ጠይቁ እንጂ የሰፈር ሰው ወሬ አትስሙ። በመኪና የሚሄድ ሰው ሆልሆል ላይ ጎራ ይበል። የአሮጌው መስመር የብረት ድልድይ ሸለቆውን ተሻግሮ ቆሟል። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ስለዚያ ድልድይ ሲያወራ የሠራው እሱ ይመስል ነበር።

የመሄጃ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። “ሙቀት ለድሬ ሰው ምኑ ነው?” እንዳትሉ። የእኛ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ስር ስትገቡ ይለቃችኋል። የጅቡቲው ከባሕሩ እርጥበት ጋር ስለሆነ ጥላ ስርም ይከተላችኋል። በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያኔ ቅርስ ማየት ቀርቶ መንገድ መሻገርም ያሰለቻል።

ከተማዋን በሰዓት ነው የምትከፋፍሉት። ዋናው ምክሬ ይሄ ነው። ማለዳ የሚሆነው ከሰዓት አይሆንም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱና ወደ ምኒልክ አደባባይ ሂዱ። የወረቀት ስሙ የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ ነው፣ ከፈረንሳይ ነፃ የወጡበት ቀን። ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው። ዙሪያውን ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ቅስት በረንዳ ያላቸው የድሮ ቤቶች አሉ። ከዚራን የሚያውቅ ሰው በረንዳዎቹ አዲስ አይሆኑበትም፤ ሁለቱንም ሰፈር ያቆመው ያው ባቡር ነው። ቀለማቸው የተላላጠ አለ፣ አሁን ሆቴል የሆነ አለ። ለሥራ የሚቻኮለው ሰው ሳይበዛ በእግር ዙሩት።

ከዚያ ወደ ሐሙዲ መስጊድ ውረዱ። በ1906 የተሠራ ነው፤ ያሠራው የመናዊ ነጋዴ ስሙን ትቶለታል። ክቡን ሚናራ በፖስታ ካርድ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሙስሊም ያልሆነ ከውጭ ይየው፣ መግባት ካማረውም በሩ ላይ ያለውን ሰው ይጠይቅ። በዚያው በኩል ገበያው አለ፣ ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ዙሪያ። ማሕሙድ ሐርቢ ለነፃነት የታገለ ፖለቲከኛ ነው፤ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ ነፃነቱን አላየውም። ገበያው ውስጥ ሶማልኛ የሚችል ሰው ይነግሣል። አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛም ይሰማል። አማርኛ የሚሰማም አይጠፋም፤ ስለዚህ ባለሱቁን በአማርኛ እንዳታሙት!

እስከ 6 ሰዓት ድረስ ይህን ሁሉ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ከእኛ አገር የተላከው ጫት ቀትር ላይ ይደርሳል፤ እሱ ከገባ በኋላ ከተማዋ ታንቀላፋለች። በርጫ ላይ ያለ ሰው መንገድ ቢጠየቅ በትሕትና ይመልሳል፣ ግን አይነሳም። እናንተም ዓሣ ብሉና ተኙ። የየመን ዓሣ የሚባለውን እዘዙ። ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በቅመም ተለውሶ፣ ከሸክላ ምድጃ ግድግዳ ጋር ይጠበሳል፤ ከሰፊ ስስ ቂጣ ጋር ይመጣል። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ከተማዋ እንደገና ትነቃለች። ያኔ ባሕሩ ዳር ውጡ። የእንጨት ጀልባዎቹ ጭነት ሲያራግፉ ማየት ለእኔ ከሙዚየም ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ወደቡን፣ ወታደራዊ ሰፈሮችንና ቤተ መንግሥቱን ፎቶ አታንሱ። በዚያች ትንሽ አገር የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፍሯል። ስልካችሁን ወዴት እንዳዞራችሁ የሚያይ ሰው አለ። ሴቶችንም ሳታስፈቅዱ አታንሱ።

ከከተማ ወጥታችሁ የምታዩት ደግሞ ይበልጣል፤ የታሪኩ ሥር ያለው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ነው። ታጁራ ከዋና ከተማዋ ቀድማ የነበረች የአፋር ሱልጣኔት ከተማ ናት። ሱልጣኑ “ደርደር” ይባላል። ነጫጭ ቤቶች፣ ትንንሽ መስጊዶች፣ ከኋላ ተራራ። ትንሽ ናት፣ በግማሽ ቀን ታልቃለች። ግን ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ንግድ አንዱ መነሻ እሷ ነበረች። ሐረር “የራምቦ ቤት” የምንለው ቤት አለ አይደል? ያ ፈረንሳዊ ገጣሚ በ1886 ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ የተነሳው ከታጁራ ነው። ከመነሳቱ በፊት ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ብዙ ወር እዚያ ተቀምጧል። ሐረር ቤቱን ያየ ሰው ታጁራን ሳያይ ታሪኩን ግማሽ ላይ ተወው ማለት ነው። በነገራችን ላይ የሐረሩን ቤት የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው።

ኦቦክ ከታጁራ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትገኛለች። በ1862 ፈረንሳይ በ10,000 የማሪያ ቴሬዛ ብር የገዛቻት ናት። መጀመሪያ ዋና ከተማ እሷ ነበረች፤ በኋላ ጅቡቲ ወሰደችባት። የገዢው ቤትና የባሕር ዳር መቃብሩ አሉ፣ ከከተማው ትንሽ ርቆ ደግሞ የራስ ቢር መብራት ማማ። ደስ የምትል ከተማ አይደለችም። ወደ የመን ለመሻገር የሚጠብቁ የእኛ ልጆች በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት፣ መንገድ ዳር ታገኟቸዋላችሁ። ውኃ ያዙላቸው።

ወደ ታጁራ በጀልባ ሂዱና በመኪና ተመለሱ። ጀልባው የሚነሳበትን ሰዓት ስትጠይቁ እነሱ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው፤ 7 ካሏችሁ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በመኪና ስትመለሱ የጉቤት ባሕረ ሰላጤና የአሳል መገንጠያ መንገዳችሁ ላይ ናቸው። አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ዳሩ በጨው ነጭ ነው። አፋሮች ያንን ጨው በግመል እየጫኑ ወደ እኛ ደጋ ሲያመጡት የኖሩ ናቸው፤ ሐይቁንም እንደ ገበያ መንገድ እዩት። ጫማ አታውልቁ፣ ጨው እግር ይቆርጣል። ውኃው ውስጥ የገባ ሰው የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ በጀሪካን ይያዝ።

ሦስት ቀን ካላችሁ አቤ ሐይቅን ጨምሩ። ከጊንጪ በኩል የሚነሳው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከመሬት የቆሙ የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሉ፣ ከአንዳንዱ እንፋሎት ይወጣል። ጎማው ጠንካራ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ግድ ነው። እዚያው አድራችሁ ንጋት ላይ እዩት፤ ቀን ቀን አቧራ ብቻ ነው። ጉልበት ያለው ደግሞ ከታጁራ በስተሰሜን አቡርማ የሚባል ቦታ አለ፣ ቀጭኔና ሰጎን ዐለት ላይ የተቀረጹበት። ብዙ በእግር ያስኬዳል። ለወጣቶች ትቼዋለሁ።

ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ ኦቦክንና አቤን ተዉ። አንዱን ቀን ለከተማዋ፣ ሌላውን ለአሳል አድርጉት፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ዓርብ እንዳትደርሱ፤ የእረፍት ቀናቸው ነው፣ ብዙ ቦታ ይዘጋል። አሳል ግን ዓርብም ክፍት ነው፣ ማን ይዘጋዋል።