ወንዙ ሞልቶ ወደብ ላይ ስትቆዩ

ወንዙ ሞልቶ ወይም ነፋሱ በርትቶ ጉዟችሁ ከተቋረጠ፣ ቀኑን ጀልባችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ አትግፉት። እናንተ ከምትሄዱበት አቅጣጫ የመጣ ባለጀልባ ወደ ወደቡ ሲጠጋ ፈጥናችሁ ውረዱና ገመዱን ተቀበሉት። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። የወንዙን ካርታ ዘርግታችሁ ጠይቁት፦ አሸዋ የተቆለለው የትኛው መታጠፊያ ላይ ነው? ግንድ የሚንሳፈፈውስ? መልሱን በእርሳስ ካርታው ላይ ጻፉት፤ ቀኑንም ጨምሩበት፤ ሙላት ካለፈ በኋላ አሸዋው ቦታ ይቀይራልና።

ለጨዋታ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የውሃውን ልክ በወደቡ ምሰሶ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ እየተመለሳችሁም እዩት። ውሃው ሲጎድል አጥሮ የታሰረ ገመድ ጀልባዋን አንጠልጥሎ ያጋድላታል። ራቅ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ምልክቱን ለጎረቤት ባለጀልባ አሳዩት፤ ገመዱን የሚያላላላችሁ እርሱ ነው።