የዲዛይን ኮምፒውተር ሲቀይሩ አስቀድመው ፎንቱን ያድኑ

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ የሠርግ ካርድና ባነር ለሚሠራ ሰው፣ ኮምፒውተር ለመቀየር የሚመቸው ጊዜ ጾመ ነቢያት ነው። ኅዳር 15 ከገባ በኋላ የሠርግ ሥራ ይቀዘቅዛል። ጥር ላይ ግን ጥምቀቱ፣ ሠርጉ፣ እንጅባራ ላይ ደግሞ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይደራረባሉ፤ ያን ጊዜ ፋይል ማዛወር አይሞከርም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዕቃው ሳይሆን በዝውውሩ ነው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ባልሆኑት የቆዩ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ የተቀመጠው በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነው። አዲሱ ማሽን ላይ ያው ፎንት ከሌለ የሙሽሮቹ ስም የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የተጠቀሙባቸውን ፎንቶች ከዊንዶውስ የፎንት ፎልደር በፍላሽ ይቅዱና አዲሱ ላይ ይጫኑ። ለኅትመት ያለቁትን ደግሞ አሮጌው ማሽን ላይ እያሉ ሌላ ኮፒ አውጥተው ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይለውጡት፦ በኮረል ድሮው ኮንትሮል ኪው፣ በኢለስትሬተር ኮንትሮል ሺፍት ኦ። ከዚያ በኋላ ፊደሉ አይታረምም፤ ዋናውን ፋይል እንዳይነኩት። ኒያላን (የዊንዶውስን የአማርኛ ፎንት) አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ካጡት፣ ከሴቲንግ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተው በኢንተርኔት ማውረድ ነው።

በሊንክ የገቡ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ሳይቀመጡ ካሉበት ቦታ የሚጠሩ ፎቶዎችም ይጠፋሉ፤ ዲ ድራይቭ የነበረው ኢ ከሆነ ፕሮግራሙ የድሮውን አድራሻ ነው የሚፈልገው። የኢለስትሬተር «ፓኬጅ» የሚለው ትእዛዝ ፎቶውን ከፋይሉ ጋር በአንድ ፎልደር ይሰበስባል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ራም (ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) 16 ጊጋባይት ይሁን። ምክንያቱን በሒሳብ ይዩት፦ 3 በ2 ሜትር ባነር በ100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 100 ነጥብ) ወደ 93 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለማት) አንድ ሙሉ ሌየር (የምስሉ አንድ ንብርብር) ብቻውን ወደ 372 ሜጋባይት ይይዛል። በ300 ዲፒአይ ከሠሩት ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ ከሩቅ ለሚታይ ባነር ይህ ከንቱ ሸክም ነው። ሁለት ባለ 8 ራም ከአንድ ባለ 16 ይፈጥናል። ዲዲአር 4 የሚባለው የራም ዓይነት በዲዲአር 5 ቦታ አይገባም፤ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ሳይከፍሉ በፊት ይጠይቁ።

ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ላይ ይቀመጡ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ሻጩ ፊት ይፈትሹ። ስክሪኑ አይፒኤስ (ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ የማይለወጥ ዓይነት)፣ ኤስአርጂቢውም (የሚያሳየው የቀለም ስፋት መለኪያ) ወደ 100 ፐርሰንት የሚጠጋ ይሁን፤ በርካሽ ስክሪን ቀዩ ፈዞ ስለሚታይ ሠሪው ያለልክ ያደምቀውና ኅትመቱ ላይ ይቃጠላል።

ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ የመብራት መጠባበቂያ) ያስፈልጋል፤ ሥራው መብራት ሲጠፋ ሴቭ አድርገው እስኪዘጉ መያዝ ብቻ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን አይሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያጠፋዋል። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ የቆዩትን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍተው ሳያዩ ፎርማት አያድርጉት።