የጓሮ ኩሬ ውኃን ሙቀት በየጥልቀቱ ለመለካት

በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ የሚያረባ ሰው የውኃውን ሙቀት ብዙውን ጊዜ የሚገምተው ከዳር እጁን ነክሮ ነው። ነገር ግን ፀሐይ በበረታበትና ነፋስ በሌለበት ቀን ከሰዓት በኋላ የላይኛው ውኃ ከታችኛው በበርካታ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የሞቀው ውኃ ቀላል በመሆኑ ከላይ ይቆያል፤ ቀዝቃዛው ከሥር ይተኛል። ውኃው በጭቃ ወይም በአልጌ ከደፈረሰ ፀሐዩ ጠልቆ ስለማይገባ ልዩነቱ ይብሳል።

ለመለኪያ ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያነብ የአልኮል ቴርሞሜትር ይበቃል። የሕክምናው ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያነብ አይጠቅምም፤ የሜርኩሪው ደግሞ ቢሰበር ስለሚመርዝ ወደ ኩሬው መቅረብ የለበትም። ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ በረዶ እየቀለጠበት ባለ ውኃ ውስጥ ከትተው 0 ማሳየቱን ይመልከቱ። በፈላ ውኃ መፈተን ግን አይገባም፤ ባለ 50 ዲግሪው ይሰበራል፣ የሚችለውም ቢሆን በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 100ን የሚጠብቅን ሰው ያሳስታል።

ቴርሞሜትሩን በገመድ አውርዶ መሳብ ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም፤ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያልፍበትን ውኃ ሙቀት ይይዛልና። የሚሻለው ውኃውን ራሱን ቀድቶ ማውጣት ነው። አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ላይ ድንጋይ አስረው፣ አፉን በቡሽ ይድፈኑ፤ ቡሹን ደግሞ በሌላ ቀጭን ሲባጎ ይሰሩት። ጠርሙሱ የሚወርድበትን ገመድ ከአፉ ጀምሮ በየ25 ሳንቲሜትሩ ይቋጥሩ። ከተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ቡሹን ነቅለው፣ አረፋው መውጣቱን እስኪያቆም ጠብቀው፣ ቶሎ ስበው፣ ቴርሞሜትሩን ጠርሙሱ ውስጥ ከትተው በጥላ ውስጥ ያንብቡ። የጠርሙሱ ግድግዳ የራሱ ሙቀት ስላለው ከአንድ ጥልቀት ሁለት ጊዜ ቀድቶ የሁለተኛውን መመዝገብ ይመረጣል። ጭቃውን እንዳይነኩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ቀደም ብለው ያቁሙ። ጂኦመምብሬን (ውኃ እንዳይሰርግ የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክ) የተነጠፈበት ዳር እጅግ ስለሚያንሸራትት ብቻዎን አይለኩ።

ልኬቱ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ማለዳ 12 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይደረግ። የከሰዓቱ ልዩነት በራሱ አያሳስብም፤ ዋናው የማለዳው ነው። ሌሊት የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ወደ ታች ስለሚሰምጥ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ኩሬ ውስጥ ንጋት ላይ ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከሥር ያለው ማለዳም ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ ውኃው አልተቀላቀለም ማለት ነው፤ ወለሉ ላይ የሚበሰብሰው ምግብና ኩስ ኦክስጅኑን እየጨረሰው ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ድንገት ብርዳም ዝናብ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ቢመጣ የታችኛው ውኃ በአንድ ጊዜ ይገለበጥና ዓሦቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ይታያሉ። መፍትሔው ያ ቀን ሳይደርስ የታችኛውን ውኃ በጎማ ቱቦ በጥቂት በጥቂቱ እየቀዱ ለአትክልት ማጠጣትና በምትኩ ንጹሕ ውኃ መጨመር ነው። ወለሉን በዱላ ማማሰል ግን መጥፎውን ውኃ ባንድ አፍታ ስለሚበትነው አደገኛ ነው።

ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውኃ ነው፤ ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች መብላቱን ያቆማል። በደጋ አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር የማለዳው ልኬት ወደዚያ ከወረደ የጠዋቱን መኖ ትተው፣ የላይኛው ውኃ ከሞቀ በኋላ ከሰዓት ላይ ብቻ ይመግቡ፤ ያልተበላውንም ሳይሰምጥ በወንፊት ያውጡት።