የፒያስትራ ማስቀመጫ ገበሩ እየቀለጠ ሲጣበቅ

ትኩስ ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻ) የጨርቅ ማስቀመጫው ውስጥ ሲገባ ገበሩ ተኮማትሮ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ከስሩ ያለው ጠረጴዛም ይግላል። ገበሩን ደረብኩት፣ አልሆነም። ብርማውን ሙቀት መላሽ ንጣፍ ብቻውን ጨመርኩ፤ ሙቀቱን ቀነሰው እንጂ አላስቆመውም።

ችግሩ ገበሩም ክሩም ፖሊስተር መሆናቸው ነበር። ፖሊስተር ሊቀልጥ 250 ዲግሪ አካባቢ ቢፈልግም ቀድሞ ይለሰልሳል፤ ፒያስትራ ደግሞ እስከ 230 ይግላል።

ችግሩን የፈታልኝ፦ ከውስጥ ንጹሕ ጥጥ፣ ቀጥሎ ብርማው ንጣፍ (የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ፒያስትራው)፣ ሁለት ድርብ የጥጥ ንጣፍ፣ ከውጭ የማይለጠጥ ጅንስ። ክሩም ጥጥ። መርፌው ወፍራሙ ቁጥር 100/16፣ የስፌቱ ርዝመት 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በቀጭን መርፌ ማሽኑ ስፌት ይዘላል።

ጨርቁን ከተጠራጠራችሁ ብጣሹን አቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ልስልስ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይሠራል። ፒያስትራው ከሶኬት ሳይነቀል ግን በፍጹም አይግባ።