በበረዶ ወጀብ መንገዱ ሲጠፋብዎ፦ ችግርና መፍትሄ

እይታ የሚጋርደው ሁልጊዜ ወጀቡ ብቻ አይደለም። መስታወቱና መብራቱም ድርሻ አላቸው። በቀላሉ ከሚስተካከለው እንጀምር።

መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ
መነሻው ትንፋሽዎና ከጫማዎ ላይ የሚቀልጠው በረዶ ነው። እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ጠብታ ይሆናል። በእጅዎ አይጥረጉት። የእጅ ቅባት ስለሚቀርበት ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍበት ይባስ ያጭበረብራል። ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ ያዙሩና የውጭ አየር ያስገቡ። ኤሲውንም (አየር ማቀዝቀዣውን) ይክፈቱት። በብርድ ኤሲ መክፈት ግራ ያጋባል፤ ግን አየሩን የሚያደርቀው እሱ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዶ ኤሲው አልነሳ ካለም አይጨነቁ፤ የውጭው አየር ራሱ ያን ጊዜ ደረቅ ነው።

ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ሆነ
ረጅም መብራት አብርተው ይሆናል። ብርሃኑ በሚወርደው በረዶ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይንዎ ይመለሳል። ወደ አጭር ይቀይሩት፤ የጉም መብራት ካለ ይጨምሩ።

መብራቱ በርቶም ደበዘዘ
በረዶ ተጋግሮበታል። በተለይ ኤልኢዲ መብራት እንደ ድሮው አምፖል ፊቱን ስለማያሞቀው በረዶውን አያቀልጠውም። ምቹ ቦታ ቆመው ይጥረጉት፣ የኋላውንም ጭምር። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ በራሱ የሚበራው የቀን መብራት በብዙ መኪኖች ላይ የኋላውን አያበራም። ከኋላ የሚመጣው እንዲያይዎ መብራቱን ራስዎ ያብሩ።

መኪናው ተንሸራተተ
ለመንገዱ ፈጥነዋል ማለት ነው። እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን መሄድ ወደሚፈልጉበት በቀስታ ይያዙ። ድልድይ ላይ ከመድረስዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከላይም ከታችም ንፋስ ስለሚመታው ከመንገዱ ቀድሞ ይበርዳል።

ጭራሽ ምንም አይታይም
ይህን የሚፈታ መብራትም መጥረጊያም የለም። ከመንገዱ ፈጽሞ መውጫ ይፈልጉ፤ መሀል መንገድ ላይ አይቁሙ። በረዶ ውስጥ ከተቀረቀሩ መኪናዎን ጥለው በእግር አይሂዱ።

እባክዎ ይህቺን አይርሷት፦ ለማሞቂያ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ወርደው የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ያጽዱ። ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታም ቀለምም የለው፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ማስነሳት ይበቃል፤ ነፋስ በማይመታው በኩልም መስኮት ገርበብ ያድርጉ። በረዶው መውረዱን ካላቆመ በየጊዜው ወርደው ማውጫውን ይዩት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከተሰማዎ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው በሩን ይክፈቱ።