የተቃጠለ ዘይት ማጣሪያ ውስጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከጋራዥ በበርሜል የሚሰበሰበው የተቃጠለ ዘይት ዘይት ብቻ አይደለም። ሞተር ውስጥ ሳለ ቤንዚን፣ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ጠጥቷል፤ በርሜል ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይትና የቀለም ማቅጠኛ ይጨመርበታል። ማጣራት ማለት እነዚህን ከዘይቱ መለየት ነው። የተለየው ነገር ግን አይጠፋም፤ ዕቃ ካልተዘጋጀለት ወደ አየር፣ ወደ ቱቦ፣ ወደ አፈር ወይም ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጀምሩት ይህን ከመርሳት ነው።

ጥቁር የሆነውን ሁሉ በር ላይ መቀበል

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ውድ ማስተካከያ ነው። ቦቴው ከመራገፉ በፊት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ናሙና ይቅዱ፤ አንድ ሊትሩን የጭነቱን ቀን፣ መጠንና የመጣበትን ቦታ ጽፈው ያስቀምጡ። ከዚያ በር ላይ የሚሠሩ ቀላል ፍተሻዎች አሉ።

አንደኛው የውሃ ነው። 150 ዲግሪ ገደማ በጋለ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ጣል ያድርጉ፤ ከተንጣጣ ውሃ አለው። ሁለተኛው የክሎሪን ነው። የመዳብ ሽቦ እሳቱን አረንጓዴ ማድረግ እስኪተው ድረስ አግለው፣ ዘይቱን አስነክተው መልሰው ወደ ነበልባሉ ያግቡት። አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለ፤ ምናልባትም ቅባት ማጠቢያ ፈሳሽ ተደባልቆበታል። ይህን ፍተሻ ከታንከሮቹ ርቀው፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ በአንድ ጠብታ ብቻ ያድርጉ። ክሎሪን ያለበት ዘይት ሲሞቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያወጣና የማቀዝቀዣውን ቱቦ ይበላዋል። አሜሪካ ውስጥ አጠቃላይ የሃሎጅን (የክሎሪንና የመሰሎቹ) መጠኑ ከ1,000 ፒ.ፒ.ኤም (ከሚሊዮን 1,000 እጅ) ያለፈ ዘይት፣ ባለቤቱ ሌላ ማስረጃ እስካላመጣ ድረስ፣ ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር እንደተደባለቀ ይቆጠራል። ልምዱ ለማንም ይጠቅማል።

ሦስተኛው የተቀጣጣይነት መጠን ነው። ንጹሕ የሞተር ዘይት ትነቱ እሳት የሚይዘው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። ጥቂት በመቶ ቤንዚን ሲገባበት ግን ከ100 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ እንደ ነዳጅ እንጂ እንደ ዘይት አይያዝም።

የትራንስፎርመር ዘይትን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። አሮጌ ትራንስፎርመሮች ፒ.ሲ.ቢ የተባለውን ክሎሪን ያለበት መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ የመዳብ ሽቦው ደግሞ ትንሹን መጠን አያሳይም። የላብራቶሪ ውጤት ያልያዘ የትራንስፎርመር ዘይት አይራገፍ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 5,000 ፒ.ፒ.ኤም ያለበት አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል 10,000 ሊትር ንጹሕ ዘይት ውስጥ ቢገለበጥ ሁሉም ወደ 98 ፒ.ፒ.ኤም ይደርሳል። እንዲህ ያሉ በቀላሉ የማይጠፉ መርዞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ልዩ ትኩረት የሚሰጠው ከ50 ጀምሮ ነው። አንድ በርሜል ለማትረፍ ሲባል አንድ ታንከር ሙሉ መርዝ ሆነ ማለት ነው። «እናቅጥነው» የሚለው መፍትሔም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ መጠኑ ሳይቀንስ ብዙ ቦታ ተዳረሰ እንጂ።

ውሃውን ሳያወጡ ማሞቅ

አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል። 10,000 ሊትር ዘይት ውስጥ 5 በመቶ ውሃ ካለ 500 ሊትር ውሃ ከታች ተኝቷል። እሳቱ በርትቶ ሲነካው በአንድ ጊዜ ይነሣና የጋለውን ዘይት አረፋ አድርጎ በክዳኑ ያወጣዋል። ማሞቂያው ቅርብ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ቃጠሎ ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ቀርፋፋ ነው። ዘይቱን ከ60 እስከ 80 ዲግሪ አሙቀው ቢያንስ አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ውሃውና አተላው ወደ ታች ሲወርድ ከታች ያፍሱት። ቀጥሎ ከታንከሩ ሁለት ሦስተኛ ሳያሳልፉ ሞልተው ቀስ በቀስ እስከ 120 ያሙቁት፤ ባዶ የተተወው ቦታ የአረፋው ነው። ደጋ ላይ ያሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። «100 ሳይደርስ አይነሣም» ብሎ በ90 እሳቱን የሚያበረታ ሠራተኛ አረፋው ድንገት ይመጣበታል።

ከውሃው ጋር የሚወጣው ትነት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑም አብሮ ይመጣል። አረቄ ያወጣ ሰው ይህን አይስተውም፤ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ከሁሉ የሚያቃጥለው ነው። ስለዚህ ትነቱ ወደ ግቢ ሳይሆን ወደ ማቀዝቀዣ፣ የማይቀዘቅዘው ጋዝ ደግሞ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ መከላከያ በተገጠመለት ቱቦ ወደ ማቃጠያ ይሂድ።

ከታች ውሃ ሲፈስ ቫልቩን ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ውሃ ሳይሆን ዘይት ነው። እጅ ሲለቀው ራሱ የሚዘጋ ባለ ሞላ ቫልቭ ብዙ ወጪ አይደለም።

ለማፍጠን ሙቀት መጨመር፣ ለማቆም አየር ማስገባት

ዘይት በተራ የአየር ግፊት ከ350 ዲግሪ ባለፈ ሲሞቅ መንጠሩን ትቶ መሰንጠቅ ይጀምራል። ጋዝና የሚያንቅ ሽታ ያወጣል፤ ማሞቂያ ቱቦው ውስጥ ከሰል ይጋግራል፤ የተጋገረበት ቦታ ከልክ በላይ ይግልና ቱቦው ይፈነዳል። ቫኩዩም (አየሩን በፓምፕ መጥጦ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ) የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ሙቀት ለማንጠር ነው። ምርት ሲዘገይ መጀመሪያ የቫኩዩሙን ፓምፕና ማሸጊያዎቹን ይመርምሩ፤ እሳቱን መጨመር የመጨረሻው ሐሳብ ይሁን። የሚያፈስ ማሸጊያ ዘይት አያስወጣም፤ ይልቁንም አየር ወደ ጋለ ትነት ያስገባል። ሥራ ሲቆምም እንዲሁ፦ ገና የጋለውን ማንጠሪያ ለአየር አይክፈቱት። በናይትሮጅን ይሙሉት፤ ናይትሮጅን ከሌለ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ይጠብቁ።

አፍንጫን እንደ መሣሪያ መቁጠር

ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ወደ 100 ፒ.ፒ.ኤም ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። «አሁን ተሻለው» የሚባለው ያኔ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ አተላ የሚጠረግበት ታንከር ግርጌ ይተኛል።

ታንከር ከመግባት በፊት ወደ ታንከሩ የሚገባው የቱቦ መስመር በብረት ክዳን ይዘጋ፤ ቫልቭ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም። አየር ይነፋበት። ከዚያ በጋዝ መለኪያ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካ፦ ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ፣ ተቀጣጣይ ትነት እሳት ከሚይዝበት ዝቅተኛ መጠን ከ10 በመቶ በታች። ሥራው እስኪያልቅ መለኪያው ከሠራተኛው ጋር ይቆይ፤ አተላ በተነካ ቁጥር አዲስ ጋዝ ይለቃል። ውጭ የሚቆመው ጠባቂ ጓደኛው ቢወድቅ ተከትሎ አይግባ። ገመዱ ከሠራተኛው ትጥቅ ጋር አስቀድሞ የታሰረ፣ መጎተቻውም ከላይ የተተከለ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው አዳኙ ተከትሎ ሲገባ ነው።

በየፋብሪካው ለሠራተኛ ወተት ማደል የተለመደ ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ከሳንባ ጋዝ አያወጣም። የጨርቅ ጭንብልም እንዲሁ።

«ባዶ» በርሜል መበየድ

ሙሉ በርሜል ውስጥ አየር የለም፤ ባዶው ውስጥ ግን ትነትና አየር ተደባልቀው የብየዳ ብልጭታ ይጠብቃሉ። በግራይንደር መቁረጥም ያው ነው። በእንፋሎት ሳይታጠብና በመለኪያ ሳይፈተሽ እሳት አይነካው።

ግድግዳውን ሠርቶ ቫልቩን ክፍት መተው

በታንከሮች ዙሪያ የሚሠራው መከላከያ ግድግዳ የትልቁን ታንከር 110 በመቶ መያዝ አለበት። ትልቁ 50 ሜትር ኩብ ከሆነ 55 ማለት ነው። ቦታው 12 በ10 ሜትር ቢሆንና ሌሎቹ ሁለት ታንከሮች 14 ካሬ ሜትር ቢይዙ፣ የሚቀረው 106 ካሬ ሜትር ነው፤ ቁመቱ ቢያንስ 52 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብዙዎች የሌሎቹን ታንከሮች ቦታ መቀነስ ይረሳሉ። ብሎኬት ካልተለሰነ እንደ ወንፊት ነው፤ ወለሉም ኮንክሪት ይሁን።

ክረምት ሲገባ ውሃው ስለሚጠራቀም ማፍሰሻ ቫልቩ ተከፍቶ ይቀራል። ሌሊት ቱቦ ቢፈነዳ ግድግዳው እንደሌለ ይቆጠራል። ቫልቩ በቁልፍ ይዘጋ፤ ውሃው በዓይን ታይቶ በዘይት መለያ ገንዳ በኩል ይውጣ።

ስለዚህ ገንዳ አንድ ነገር፦ የሚለየው ከውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ብቻ ነው። ወለሉን በኦሞ ካጠቡት ዘይቱ ከውሃው ጋር ወተት መስሎ ይዋሃድና ገንዳውን አልፎ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የፈሰሰ ዘይት በሰጋቱራ ወይም በአሸዋ ይነሣ፤ የተነሣውም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ።

አሲድና አፈር ርካሽ ነው ማለት

በሰልፈሪክ አሲድ አጥቦ በአፈር ማንጻት በትንሽ ገንዘብ ይጀመራል። ትርፉ የሚቀነሰው በኋላ ነው፦ ከስር የሚቀረው አሲዳማ ዝፍት የሚጣልበት ቦታ የለም። ውሃ ሲነካው ይግላል፤ የሚያንቅ የድኝ ጋዝ ያወጣል። አዲስ ፋብሪካ የሚያቅድ ሰው ይህን መንገድ ባይመርጥ እንመክራለን፤ በቫኩዩም ማንጠር መነሻው ውድ ቢሆንም እንዲህ ያለ ዕዳ አያስቀርም።

ዘይት የጠጣው አፈር ደግሞ ሲከመር ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ ቀዝቃዛ የመሰለ ክምር በማግስቱ ሊጨስ ይችላል። ከጨርቅና ከካርቶን ርቆ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ፣ በትንሽ በትንሹ ይቀመጥ። ዘይት የፈሰሰበት የቱቦ መጠቅለያ ሱፍም በተመሳሳይ መንገድ ይቀጣጠላል፤ በስብሶ ካገኙት አይጭመቁት፣ ይቀይሩት። የጋለ ዘይት ሲቃጠል ደግሞ ውሃ አይረጭም፤ ፎም ወይም ደረቅ ዱቄት ይያዝ።

የማይረባውን ምርት ብሎ መሸጥ

ማንጠሪያው ስር የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ፣ ያልተሳካ ዘይትም፣ ገዢ አያጣም። ምስጥ እንዳይበላው ለአጥር እንጨት ይቀባል፤ ለኮንክሪት ፎርም ይውላል፤ በምድጃም ይነዳል። ችግሩ ከሞተሩ የመጣው ብረት የሚከማቸው እዚያው ዝቃጭ ውስጥ መሆኑ ነው። አሜሪካኖቹ ለነዳጅ በሚሸጥ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የሚፈቅዱት እርሳስ 100፣ ክሮሚየም 10፣ አርሴኒክ 5፣ ካድሚየም 2 ፒ.ፒ.ኤም ነው። ሳይለካ የተሸጠ ዝቃጭ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ሊነድ ይችላል። በኢትዮጵያ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ ዝቃጩ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የሚረከበው ማን እንደሆነ፣ ፈቃዱ፣ መጠኑና የላብራቶሪ ውጤቱ አንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። በር ላይ ያስቀመጡት የአንድ ሊትር ናሙናም የሚፈለገው ያኔ ነው፤ ዝቃጩ ውስጥ የተገኘው እርሳስ ከየትኛው ጭነት እንደመጣ የሚነግረው እሱ ብቻ ነው።