መጀመሪያ ቀለሙን እዩ፦ ብርቅዬ ፊርማ ያለባቸው የስፖርት ካርዶች ስትሰበስቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካርዱ በፖስታ የደረሰኝን ቀን አልረሳውም። ወራት ሙሉ ስፈልገው የነበረ፣ የተጫዋች ፎቶ የታተመበት የስፖርት ካርድ ነው። ፊርማው ቁርጥ የተጫዋቹ ነው፤ ቅርጹም፣ ዘንበል ማለቱም፣ የመጨረሻዋ ጭረት ወደ ላይ መሳቧም ልክ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ካርዱን ዘንበል አድርጌ በብርሃን አየሁት። ያኔ ነው ሆዴ ባር ባር ያለኝ። የካርዱ ገጽ ያብረቀርቃል፣ ፊርማውም ከገጹ እኩል ያብረቀርቃል። ቀለም ከላይ የተቀመጠበት ምንም ምልክት የለም። አጉሊ መነጽር አምጥቼ ሳየው መስመሩ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ማሽን ያተመው ፊርማ ነበር። ሻጩ «ፊርማ ያለበት ካርድ» ነው ያለው፤ «ተጫዋቹ በእጁ የፈረመበት» አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ የተጫዋቹን ስም፣ የካርዱን ቁጥርና ዋጋውን ከማየቴ በፊት ቀለሙን ነው የማየው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥበት ነው።

የታተመን ፊርማ በእጅ ከተፈረመው አለመለየት

ይህ የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ኪሳራ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ፊርማ ታትሞባቸው የሚወጡ ካርዶች ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ካርድ አምራቹ ቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣቸው የቤዝቦል ካርዶች ፊት ለፊት የተጫዋቹ ፊርማ አለ፤ ግን ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእጅ የተፈረመ ፊርማ ሕይወት አለው። እስክሪብቶው መጀመሪያ ካርዱን የነካበት ቦታ ላይ ቀለሙ ትንሽ ይከማቻል። እጁ ሲፈጥን መስመሩ ይሳሳል፣ ሊነሳ ሲል ጫፉ ይቀጥናል። ሁለት ጭረቶች የተሻገሩበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከሌላው ጠቆር ይላል። በተራ እስክሪብቶ የተፈረመ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ይታያል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ይህን ሁሉ ያሳያችኋል። ዋጋው ከአንድ የተበላሸ ግዢ ጋር አይወዳደርም።

አስመስሎ የሚፈርም ሰውን የሚያጋልጠው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ተጫዋቹ ስሙን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሞነጫጭረው፤ ሺህ ጊዜ ፈርሞታልና እጁ አያስብም። አስመሳዩ ግን ቅርጹን እየተከተለ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ማቆም በሌለበት ቦታም ይቆማል። የፊርማ ማሽንም አለ፤ እሱ ሲፈርም ግፊቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ሁለት ፊርማዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲደረቡ አንድም ሳይዛነፉ ከገጠሙ ተጠራጠሩ። ማንም ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም።

ዘመኑን አለማስላት

የቤዝቦሉ ኮከብ ቤብ ሩት የሞተው በ1948 ነው። ሻርፒ ማርከር ገበያ ላይ የዋለው በ1964 ነው። በሻርፒ የተፈረመ የቤብ ሩት ፊርማ ካቀረቡላችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰው ሲጓጓ ይህንን እንኳን ሳያሰላ ይከፍላል። ካርዱ የታተመው መቼ ነው? ተጫዋቹ በሕይወት የነበረው እስከ መቼ ነው? ቀለሙስ ያን ጊዜ ነበር ወይ?

ፊርማም እንደ ሰው ያረጃል። ብዙ ተጫዋቾች ገና ሲጀምሩ ስማቸውን በሙሉ፣ ፊደል በፊደል ይጽፋሉ። ዝና ሲመጣና የሚፈርሙት ሲበዛ ሁለት ፊደልና አንድ ረዥም ጭረት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የጀማሪነት ዘመኑን ፊርማ ከጡረታ ዘመኑ ጋር አታወዳድሩ። ከዚያው ዓመት ወይም ከዚያ ቅርብ የሆነ፣ ትክክለኛነቱ የታወቀ ፊርማ ፈልጋችሁ አጠገቡ አድርጉት።

ሰርተፍኬት ስላለው ብቻ ማመን

ሰርተፍኬት ወረቀት ነው። ፊርማን ፎርጅድ ማድረግ የቻለ ሰው ወረቀት ማተም አያቅተውም። በ1990ዎቹ የአሜሪካው ኤፍቢአይ «ኦፐሬሽን ቡልፔን» ብሎ በጠራው ምርመራ አንድ ትልቅ የአስመሳዮች መረብ ይዞ ነበር። መረቡ ለገበያ ያቀረበው የሐሰት ዕቃ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል ማዘር ቴሬዛ «የፈረመችበት» የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ነበር። ሰዎቹ ፊርማውን ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ነው የሚለውን ማረጋገጫም አብረው ነበር የሚሸጡት።

እና ማንን እንመን? ማረጋገጫውን የሰጠው ማን እንደሆነ እዩ። ሻጩ ራሱ ያተመው ሰርተፍኬት ከሆነ ምንም ዋጋ የለውም በሉ። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት በገበያው የታወቁ አረጋጋጮች ናቸው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሩንም ድረ ገጻቸው ላይ ማየት ይቻላል። ግን ቁጥሩ አለ ብላችሁ አታቁሙ። አጭበርባሪ እውነተኛ ቁጥር ከሌላ ካርድ ገልብጦ በሐሰተኛ ፕላስቲክ መያዣ ላይ ይለጥፋል። ድረ ገጹ ላይ የካርዱ ፎቶ ካለ ፊርማውን ጭረት በጭረት አመሳክሩ። ከጠርዙ ስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል? የመጨረሻዋ ፊደል የተጫዋቹን ትከሻ ትነካለች ወይስ አትነካም? እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው የሚያድናችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአረጋጋጮቹ ቃል አስተያየት ነው። ብዙውን ጊዜ ተጫዋቹ ሲፈርም አጠገቡ ቆመው አላዩም። የካርድ ፋብሪካው ራሱ አስፈርሞ ለሽያጭ በሚያቀርበው የካርድ እሽግ ውስጥ የከተተው ካርድ ግን ከዚህ ይለያል። ካርድ አምራቹ አፐር ዴክ በ1990 የቤዝቦል ተጫዋቹ ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ቁጥር ያላቸው ካርዶች በእሽግ ውስጥ በትኖ ነበር፤ ፋብሪካው የሚያረጋግጠው ፊርማ በእሽግ ውስጥ መገኘት የጀመረው ያኔ ነው። እንዲህ ዓይነት ካርዶች ላይ ፋብሪካው ማረጋገጫውን ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ይጽፈዋል። ጀርባውን ሳታነብቡ አትግዙ።

ስቲከሩን አለማስተዋል

ተጫዋቹ ካርዱን ጭራሽ ሳይነካው ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ግልጽ ስቲከሮች ይልክለታል፣ እሱ በተርታ ይፈርማል፣ ከዚያ ስቲከሩ ካርዱ ላይ ይለጠፋል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ፊርማውም እውነተኛ ነው። ሰብሳቢዎች ግን በቀጥታ ካርዱ ላይ የተፈረመውን ይመርጣሉ፣ ዋጋውም ላይ ይታያል። በቀጥታ የተፈረመ መስሏችሁ ለስቲከር የዚያን ዋጋ እንዳትከፍሉ ነው የምለው።

ትንሽ ቁጥር ሲያዩ መደንገጥ

ካርድ ላይ 1/1፣ ማለትም አንድ ፍሬ ብቻ የታተመ የሚል ሲያዩ ልባቸው የሚቆም ሰዎች አውቃለሁ። እስቲ ረጋ በሉ። አንድ ካርድ የሚታተምባቸው የብረት ሳህኖች አራት ናቸው፤ ለሰማያዊ፣ ለሮዝ፣ ለቢጫና ለጥቁር ቀለም አንድ አንድ። ሳህኖቹ ራሳቸው እንደ ካርድ፣ እያንዳንዳቸው 1/1 ተብለው ይወጣሉ። በዚያ ላይ ያው ካርድ በወርቃማ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ እየተባለ በብዙ ዓይነት ይታተማል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። «ብቸኛ» የሆነ ነገር በዝቶ ሲገኝ ምኑን ብቸኛ ሆነ?

ብርቅ መሆንና ተፈላጊ መሆን የተለያዩ ናቸው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስ፣ ኤክስኪዚት በሚባለው የ2003-04 የካርድ ስብስብ የወጣው የጀማሪነት ካርድ፣ በ23 ፍሬ ብቻ የታተመው ዓይነት በ2021 በ5.2 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ያንን ዋጋ 23 የሚለው ቁጥር ብቻውን አላመጣውም። የጀማሪነት ዓመቱ ነው፣ ፊርማው በቀጥታ ካርዱ ላይ ነው፣ ከማሊያ የተቆረጠ ጨርቅ ውስጡ አለበት፣ 23 ደግሞ የለበሰው ቁጥር ነው። ማይክል ጆርዳንና ኮቢ ብራያንት አብረው የፈረሙበት የ2007-08 ካርድም በ2025 በ12.9 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው፣ እነዚያ ሁለት እጆች አንድ ካርድ ላይ ስለተገናኙ ነው። ማንም የማይፈልገው ተጫዋች ያለበት 1/1 ካርድ ግን ብቻውን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የማሊያ ቁራጭ ካለበት ሌላም ጥንቃቄ አለ። ተራ ነጭ ጨርቁን አውጥቶ ባለ ብዙ ቀለም ቁራጭ የሚተካ አጭበርባሪ አለ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ይጠቅማችኋል። 14/99፣ ማለትም ከ99ኙ አሥራ አራተኛው፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ ከዚህ በፊት ሲሸጥ የተነሳውን ፎቶ ፈልጉ። ጨርቁ ያን ጊዜ ነጭ ከነበረ ነገሩ አልቋል።

ገና ላልተፈረመ ካርድ መክፈል

አንዳንዴ እሽግ ውስጥ የሚገኘው ካርዱ ሳይሆን «ካርዱን ወደፊት እንልክልሃለን» የሚል ኮድ ያለው ወረቀት ነው። ተጫዋቹ በጊዜ ፈርሞ ስላልመለሰ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ኮዱ የማብቂያ ቀን አለው፣ መጠበቁ ሊረዝም ይችላል፣ አንዳንዴም ተጫዋቹ ጭራሽ ሳይፈርም ይቀርና ሌላ ካርድ ይሰጧችኋል። ከሌላ ሰው ስትገዙ ቀኑ ያለፈበት ወይም ኮዱ አስቀድሞ የተፋቀ እንዳይሆን እዩ።

በዜና መሃል መግዛት

ኮቢ በጥር 2020 ሲሞት፣ ማራዶና በኅዳር 2020፣ ፔሌ በታኅሣሥ 2022 ሲሞቱ ሰው ሁሉ ፊርማቸውን ፍለጋ ወጣ። ሐዘኑ ይገባኛል፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ሐዘን ውስጥ ያለ ሰው ቀለም አይመረምርም፣ አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ጥቂት ሳምንት ቆዩ።

አያያዝ ላይ መዘናጋት

ፀሐይ ፊርማን ይበላል። በፍሬም አድርጋችሁ መስኮት ፊት ለፊት የሰቀላችሁት ካርድ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ካርዱን መጀመሪያ ስስ ልባስ ውስጥ፣ ከዚያ ደረቅ መያዣ ውስጥ አድርጉት። ፒቪሲ ያለበት ፕላስቲክ አትጠቀሙ። የደበዘዘ ፊርማን በማርከር ማድመቅ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ያ እጅ የእናንተ እንጂ የተጫዋቹ አይደለም።

ሳይጠይቁ መክፈል

ገዢን የሚከላከል የክፍያ መንገድ እያለ «ለጓደኛ እንደላክህ አድርገህ ላክልኝ» ከሚል ሻጭ ራቁ። ከመክፈላችሁ በፊት የዛሬ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ካርዱ አጠገብ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ ካርዱን በብርሃን ፊት ቀስ ብሎ እያዘነበለ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ጠይቁ፤ ቀለሙ ከገጹ ተለይቶ ሲያብረቀርቅ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የያዘውን የሚያውቅ ሻጭ በዚህ አይቀየምም። አሁን የማነጋግረው ሻጭ ሁለት ቪዲዮ ልኮልኛል፤ ሁለቱም ማታ በአምፖል የተቀረጹ ስለሆኑ አልጠገብኳቸውም። ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆሞ ሦስተኛውን እንደሚቀርጽልኝ ነግሮኛል።